የቅጠሉ በር ሲቆም

ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ መማሪያ ክፍላችን የሚያወጣው ረጅም የድንጋይ ደረጃ የእኔን ዕድሜ አስቦ የተሠራ አይደለም። ከጡረታ በኋላ፣ የልጅ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር የአንደኛ ዓመት ትምህርት ስጀምር ጉልበቴን አላማከርኩትም ነበርና አሁን እሱ በየቀኑ ያስታውሰኛል። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ ደረጃው መሐል ላይ አረፍ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ አጥሩ ጥግ ካለው የብሳና ዛፍ አንድ ቅጠል ነፋስ እየገፋው መጥቶ ከጫማዬ አጠገብ ቆመ። የልብ ቅርጽ ያለው፣ ጫፉ የቀላ፣ መሐሉ ብርቱካናማ፣ ጅማቶቹ ዳር ዳር ደግሞ ገና አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ነበር። አንሥቼ ሳገላብጠው የጽዳት ሠራተኛዋ አይታኝ «እማማ፣ ይተዉት፣ እኔ እጠርገዋለሁ» አለችኝ። ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። የዚያን ዕለት ከትምህርቱ ብዙም አልሰማሁም፤ ልቤ ሸቤ ሄዶ ዋለ።

ሸቤ ያደግሁባት ናት። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮና የሣር ቤቶች፣ ከቤቶቹ ጀርባ ጓሮ፣ ከጓሮው ጀርባ ቡና፣ ከቡናው በላይ ደግሞ ፀሐይን ቆንጥሮ የሚያሳልፍ ትልልቅ ዛፍ ነበረ። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ በነበሩባቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ መንገዱ አስፋልት አያውቅም፤ መኪና ሲመጣ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማ ስለነበር፣ ልጆች ሁላችንም ሮጠን ወጥተን ለመቆም በቂ ጊዜ ነበረን።

ክረምቱ ለቅቆ መንገዱ ከጭቃ ወደ አቧራ ለመሻገር ሲያመነታ፣ አገሩ ቀለም ይለውጣል። አደይ አበባ በየማሳው ዳር የመጨረሻ ቢጫዋን ታወጣለች፤ ብሳናው ያረጀ ቅጠሉን እያቀላ ያራግፋል፤ ቡናው በየቅርንጫፉ መጀመሪያ እንደ ማፈር ቀላ ይልና በሳምንቱ ደም ይመስላል። ሰው ሁሉ ለለቀማ ጫካ ገብቶ ከተማዋ ባዶዋን ከመቅረቷ በፊት ታዲያ አንድ ቀን የሥራ ሳይሆን የዓይን ቀን ይደረግ ነበር። የተጻፈ ስም አልነበረውም። «በር ሲቆም» ይባላል። ሠርግ «በር ከቆመ በኋላ» ተብሎ ይቀጠራል፤ የተጣላ ሰው «በር ሳይቆም አስታርቁን» ብሎ ሽማግሌ ይልካል።

በሩ እውነተኛ በር አይደለም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ረጃጅም እንጨት ተተክሎ ከላይ በቀርከሃ ይገናኝና እንጨቱ እስኪጠፋ ድረስ በቅጠልና በፍሬ ይለብሳል። ሦስት በር ነበር፤ የላይኛውን መስጊዱ አካባቢ የሚኖሩት ነባር ቤተሰቦች፣ የታችኛውን ቡና ነጋዴዎቹ፣ የመሐለኛውን የእጅ ሥራ ሰዎች ያቆማሉ። ሕግ አለው። ቅጠሉ ራሱ የወደቀ እንጂ የተቀነጠሰ መሆን የለበትም፤ ከዛፍ ላይ የሚለቀመው ቀዩ የቡና ፍሬ ብቻ ነው። በቀኑ ሽማግሌዎቹ ከላይ ጀምረው ወደ ታች በእግር ይወርዳሉ፤ በየበሩ ሥር ሲደርሱ ታላቁ ሰውዬ ከተሰቀለው ፍሬ አንዱን በጥሶ አፉ ውስጥ ይጨምርና ጣፋጩን ውኃ መጥጦ በሩን ያቆሙትን ይመርቃል። የተመረቀ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ የአገሩ ሰው ነው። ሲደሰት ይጠራል፣ ሲያዝን ይመጡለታል።

የእኛን ቤት የከበደው ይኸኛው ነገር ነበር።

አባቴ ታደሰ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን በጭነት መኪና ላይ አስሮ፣ እናቴን የሺን እኔን በጀርባዋ እንዳዘለች ይዞ ከመንዝ የመጣው፣ ሰው ሁሉ «ጅማ ሥራ አለ» ስላለው ነው። ሥራ ነበረ። ወባም ነበረ። በሩ የሚቆምበት ያ ወቅት ከመድረሱ በፊት በነበረው ክረምት፣ ገና መሄድ የጀመረ ታናሽ ወንድሜ በወባ ሞተ። ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ እኛንም አጥብቆ የሚያውቀን ጠፍቶ፣ የቀበረው በጣት የሚቆጠር ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ ሥራዋን ሁሉ ትሠራለች፤ ግን ሌላ ሰው ቤት በእንግድነት እንዳለች ሴት ነበር የምትሠራው። ወጡን ታወጣለች እንጂ ቀምሳ ጨው አነሰው አትልም።

አንድ ማታ እኔ ከስፌት መኪናው ሥር ጨርቅ ቁርጥራጭ እየለቀምኩ ሳለሁ፣ እናቴ አባቴን «አገሬ ውሰደኝ» አለችው።

አባቴ መርገጫውን ማንቀሳቀስ አቆመ። «ምን አጎደልኩብሽ?»

«አንተ ምንም። ልጄን ማን እንደቀበረው አይተሃል። እኔ ስሞትስ ማን ሊመጣ ነው?»

«አሁን ሞትን ምን አመጣው?»

«አልጠራሁትም፤ ራሱ ነው የመጣው» አለችው።

የመሐለኛውን በር ለዓመታት ያቆሙት የነበሩት ኮርቻ ሠሪው ሽማግሌ በዚያ ክረምት ሰኮሩ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ስለሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ ለእጅ ሥራ ሰዎች ዘንድሮ ታደሰ ያቁመው ብለው መላካቸውን አባቴ የነገራት ያን ጊዜ ነው። «በሩን ላቁምና እንይ» አላት። «ከመረቁን እንቆያለን። ካልመረቁን የስፌት መኪናውን በመጀመሪያው የጭነት መኪና አስጭኜ እንሄዳለን፤ አልከራከርሽም።» እናቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝ መንዝ የሚባለውን አገር በስሙ ብቻ የማውቅ ልጅ ነኝና መቆየት እንደምፈልግ እነግራቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቅጠል ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የወደቀ የብሳና ቅጠል በነጠላዬ ሞልቼ እመጣለሁ፤ የሰፈሩ ልጆችም ያመጣሉ፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት ጠል ነክቶት ገና ለስላሳ ሳለ ይለየዋል፤ ከደረቀ መርፌ ሲወጋው ይሰነጠቃላ። አሮጌ ጆንያ ተርትሮ በረጅሙ ገጣጠመና ቅጠሉን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራራቢ አድርጎ በእጁ ይሰፋበት ጀመር፤ ከታች አረንጓዴው፣ ቀጥሎ ቢጫው፣ ከዚያ ብርቱካናማው፣ ጫፉ ላይ ቀዩ። አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አይታወቅም። የደንበኞች ሱሪ ጥግ ላይ ተከምሮ ቀረ። አጠገባችን ፀጉር የሚያስተካክለው የወሎው ሰው ከድር ምላጩን እየሳለ ብቅ ይልና «ታዴ፣ ለእኔ ሱሪ የዚህን እሩብ ብትጨነቅ ኖሮ መስጊድ ውስጥ ባልተተረተረብኝ» ይለዋል። አባቴ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ «አንተ ነህ ከልክ በላይ የምትሰግደው» ይለዋል። እናቴ ሳታስበው ፈገግ ስትል አየኋትና ለአባቴ መንገር ፈራሁ፤ ከተነገረ የሚጠፋ መሰለኝ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አባ ቢያ መጡ። አባ ቢያ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ታላቅ፣ ከወንዙ ማዶ ሰፊ ቡና ያላቸው፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው ረጅም ሰው ናቸው፤ ነገ ፍሬውን ቀምሰው የሚመርቁትም እሳቸው ናቸው። ለመሐለኛው በር የሚሆን ቀይ ቡና በቅርጫት አሸክመው አምጥተው፣ «ያ ታደሰ፣ ይኸው፣ ቀይ ቀዩን ብቻ አስለቅሜልሃለሁ። ነገ እንገናኝ ኢንሻላህ» ብለው ሄዱ፤ «ያ» ሰው ሲጠሩ የሚያስቀድሟት የኦሮምኛ ቃል ናት። እንዴት እንደሚያድር አልተናገሩም። ማንኛውም የባላገር ልጅ የሚያውቀውን ነገር ለአባወራ መንገር ነውር መስሏቸው ይሆናል።

እኛ የመንገድ ዳር ሰዎች ግን ቡና የምናውቀው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ ደርቆ ጆንያ ውስጥ፣ ፈልቶ ሲኒ ውስጥ። ነጋዴዎቹ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ጀንፈል በጆንያ ጠቅጥቀው አንዱን በአንዱ ላይ ቆልለው ለወራት ሲያስቀምጡት እናይ ነበር፤ ምንም አይሆንም። ስለዚህ አባቴና ከድር ፍሬውን በመርፌና በወፍራም ክር እንደ ጨሌ ሰክተው ከጨረሱ በኋላ ረጃጅሙን ጨሌ ጠቅልለው ጆንያ ውስጥ ከተቱት፤ አይጥ እንዳይደርስበት አፉን ጥርቅም አድርገው አሰሩት፤ ብርድ እንዳይመታው አባቴ የራሱን ጋቢ አለበሰው። ያደረበትም ካውያው ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሥር፣ ከቤቱ ሁሉ ሞቅ የሚለው ቦታ ነበር። አባቴ ያን ሌሊት ያለ ጋቢ ተኛ።

ጠዋት ጆንያው ሲፈታ መጀመሪያ የወጣው እንፋሎት ነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የኮመጠጠ፣ የጣፈጠም፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ። አባቴ እጁን ሰድዶ ጨሌውን ሲያወጣው ፍሬው ቀይ አልነበረም፤ የጠቆረ ቡናማ ሆኖ፣ መርፌ በገባበት ሁሉ አረፋ አውጥቶ ፈሳሽ ያዛል።

ከድር ጎንበስ ብሎ አየና «ታዴ፣ ቀቀልከው እንዴ?» አለ፤ ግን አልሳቀም።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አገሩ እንዲህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያቀፍነው ሁሉ ይበላሽብናል።»

የአባ ቢያ ማሳ ሩቅ ነው፤ ከበሮው ደግሞ ከላይ ይሰማ ጀምሯል። ከድር «ከላይኛው በር ትንሽ ፍሬ ልለምን? ማንም አያይም» ቢለው አባቴ «የሰው ፍሬ በእኛ በር ላይ ሰቅዬ አልመረቅም» አለና ያንኑ የሚያዛውን ጨሌ ተሸክሞ መሰላሉን ወጣ።

በሩ ግን ያምር ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ፤ የጠዋት ፀሐይ ከበስተጀርባ መጥታ ቅጠሉን ስትነካው የተሰፋው ጆንያ ሳይሆን የሚነድ ነገር ይመስል ነበር። ሰልፉ ሲደርስ ሴቶቹ እልልታቸውን ትተው ቀና አሉ። አባ ቢያም ከዘራቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ አዩት፤ በጣታቸው አንዱን ቅጠል ነክተው ስፌቱን ፈለጉት፤ አላገኙትም። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ፍሬ በጥሰው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

መጀመሪያ አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ። አባቴ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። አባ ቢያ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ ተፉትና አዩት፣ አባቴንም አዩት፣ «ያ ታደሰ፣ ቡኒ ኬ መቻኤራ» አሉት። ቡናህ ሰክሯል ማለታቸው ነው። ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቆባቸውን ይዘው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች «እስኪ እኔም፣ እስኪ እኔም» እያሉ አንዳንድ ፍሬ እየበጠሱ ቀመሱ፤ አንዱ «አስተግፊሩላህ፣ በስተርጅና ጠጅ አጠጣኝ» ይላል፣ ሌላው ደግሞ ለመድገም እጁን ይዘረጋል። ሳቁ በመንገዱ ሙሉ ወረደ። እንደ ሳቁም ከበሮው ተነሣና ወደ ታችኛው በር አለፉ። ምርቃት አልነበረም።

አባቴ በሩ ሥር ብቻውን ቀረ። እናቴ ወደ ቤት ገብታ አንሶላ መሬት ላይ ዘርግታ ዕቃ መቋጠር ጀመረች። እንደማትቆጣ፣ እንደማታለቅስም አየሁ፤ የደከማት ሴት ብቻ ነበረች። እኔ የትምህርት ቤት ደብተሬን ከጀርባዬ ደብቄ ጥግ ላይ ቆምኩ፤ እሱ ካልተቋጠረ የማንሄድ መስሎኝ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል አባ ቢያ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። በአንድ እጃቸው ትንሽ ቅርጫት ቀይ ቡና፣ በብብታቸው የተጠቀለለ የኮባ ቅጠል ይዘዋል። ሳይጠሯቸው ገብተው የአባቴ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ኮባውን መሬት ላይ ዘረጉና ፍሬውን አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይወጣ አድርገው በተኑት።

«እንዲህ ነው የሚያድረው» አሉት። «ቀይ ቡና ይተነፍሳል፣ ልጄ። በግ ጆንያ ውስጥ ትከታለህ?»

«አላወቅሁም፣ አባ ቢያ። አዋረድኩዎት።»

«እኔ ምን ተዋረድኩ?» አሉና ወደ ጓዳ ጮክ ብለው፣ «ያ የሺ፣ ነዪ ውጪና እዪ። እሱ ይረሳዋል። ለከርሞ አንቺ ነሽ የምታሰጪው።»

እናቴ ቋጠሮውን ትታ ብቅ አለች። «እኛ ለከርሞ የለንም፣ አባ ቢያ» አለቻቸው። «እንግዳ ነን፤ አልመረቁንምም።»

አባ ቢያ ቀና ብለው አዩአት፤ እውነት የገረማቸው ይመስል ነበር። «እንግዳማ ብትሆኑ እኮ አልስቅም ነበር» አሉ። «እንግዳ ቢሆን ዋጥ አድርጌ፣ ማሻአላህ ብዬ፣ መርቄው ነበር የማልፈው። ባለፈው ዓመት በር ሲቆም በእንግድነት የመጣውን ያንን ሹም ምን ያህል እንደታገሥኩት ከድርን ጠይቂው።»

እናቴ ግን ገና አልጨረሰችም። በሩን ተደግፋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ልጇ በክረምት እንደሞተና ማን እንደቀበረው ነገረቻቸው። አባ ቢያ ከበርጩማው ተነሡ። «ጫካ ነበርኩ» አሉ። «ወላሂ አልሰማሁም። የት ነው ያለው?»

አብረን ሄድን። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ሲደርሱ እሳቸው ውጭ ቆሙ፤ እናቴ ገብታ ከትንሿ የአፈር ጉብታ አጠገብ ተቀመጠች፤ አባ ቢያ ከአጥሩ ማዶ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በራሳቸው ጸሎት ጸለዩ። ስንመለስ እናቴ ያንን አንሶላ ፈትታ ዕቃውን ወደየቦታው መለሰችው። ምንም አላለችም። ለእራት ወጡን ቀመሰችና ጨው ጨመረችበት።

ከዚያ በኋላ ጠላ እንኳ ቀምሶ የማያውቀው አባቴ ሸቤ ውስጥ «ሰካራሙ ታደሰ» ሆኖ ቀረ፤ ልብስ ለማሰፋት የሚመጣ የገጠር ሰው ሁሉ በዚያ ስም ጠይቆ ነው የሚያገኘን። እናቴ ስሙን ትጠላው ነበር፤ አባቴ ግን ሲጠሩት ቶሎ አቤት ይል ነበር። በተከታዩ ዓመት ፍሬውን ኮባ ላይ ያሰጣችው እሷ ነበረች፤ ሌሊት እየተነሣች ስታየው አድራለች።

ብዙ ጊዜ ግን አላገኘንም። ንጉሡ ወረዱ፤ መንገዱ ላይ በቅጠል ፋንታ ጽሑፍ የተጻፈበት ጨርቅ መሰቀል ጀመረ፤ ጨርቅ ደግሞ ወቅት አይጠብቅም፣ አይረግፍም፣ አይበላም። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አለፉ። እናቴ ስትሞት መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሰው ሞልቶ ነበር፤ ከመስጊዱ ሰፈር የመጡት ሴቶች ከእኔ በላይ አለቀሱላት። አባቴም ከእሷ ጎን አረፈ። እኔ ጅማ ከተማ አስተምሬ፣ ልጆች አሳድጌ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልመለስ ቀረሁ፤ ሰው ሲደክመው ቅርብ መንገድም ይረዝምበታል።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ መቃብራቸውን ለማየት ሄድኩ። ቡናው ቀልቶ ነበር፤ ሰዉ ሥራ ላይ ነው፣ ቀና ብሎ የሚያየው አልነበረም። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ፣ አእምሮዬ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ለሹፌሩ «መሐለኛው በር ጋ አውርደኝ» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጁ ሙዚቃውን ቀነሰና በመስተዋቱ በአክብሮት አየኝ።

«እናቴ፣ እንግዳ ነዎት መሰለኝ» አለ። «እዚህ እንደዚያ የሚባል ቦታ የለም። ማንን ፈልገው ነው? ጠይቄ ላድርስዎት።»

የሚስቅ ከሆነ ብዬ ጥቂት ጠበቅሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልሳቀብኝም።